የሥር ሕዋሶች አቅጣጫን ከማን ይቀበላሉ?

የባቄላ ፍሬ በእርጥብ ጥጥ ላይ በየትኛውም ጎኑ ብናስቀምጠው ሥሩ ታጥፎ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን የሚያዘው ኦክሲን የተባለው የዕድገት ሆርሞን ነው። ሥሩ በጎኑ ሲተኛ ኦክሲን በታችኛው ወገን ይጠራቀምና የዚያን ወገን ዕድገት ይገታል፤ የላይኛው ግን ማደጉን ስለሚቀጥል ሥሩ ይታጠፋል።

ሆርሞኑን ከሕዋስ የሚያስወጡት ፒን የተባሉ ፕሮቲኖች በሕዋሱ ዙሪያ እኩል አይበተኑም፤ በአንድ ጎን ይሰበሰባሉ። የጎመን ዘመድ በሆነችው የቤተ ሙከራ ተክል በአራቢዶፕሲስ፣ ፒን 1 በሥሩ መካከል ባሉ ሕዋሶች ወደ ሥሩ ጫፍ በሚያየው ጎን፣ ፒን 2 ደግሞ በውጫዊው የሕዋስ ረድፍ ወደ ግንዱ በሚያየው ጎን ይገኛል። ስለዚህ ኦክሲን በመካከል ወርዶ በዳር ይመለሳል። ፒን 2 የጎደለው ሥር ታች የት እንደሆነ ይጠፋዋል።

ፕሮቲኑን በጎኑ የሚያኖረው ምንድን ነው? በክፍል ውስጥ የለመድነው መልስ የሕዋስ አጽም የሚል ነው፦ የአክቲን ክሮችና ማይክሮቱቡሎች መንገድ ሆነው ፕሮቲን የጫኑ ከረጢቶችን ወደ ቦታቸው ያደርሳሉ። ምሳሌው ለማስተማር ይመቻል፤ እኛም ተጠቅመንበታል። ማስረጃም አላጣም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ፒን 1 በሕዋሱ ሽፋንና በሕዋሱ ውስጥ መካከል ያለማቋረጥ እንደሚመላለስ፣ ምልልሱም አክቲንን እንደሚሻ አሳይቷል።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 ይርዢ ፍርሚልና ሁለት ባልደረቦቹ ሕያው የአራቢዶፕሲስን ሥር በማይክሮስኮፕ ሲከታተሉ፣ አክቲኑም ሆነ ማይክሮቱቡሉ ሳይጎዳ መቆየቱ ለፒን 2 ግድ አለመሆኑን ተመለከቱ። አጽሙ ቢፈርስም ፕሮቲኑ ጎኑን ያዘ። ፍርሚል የ2001ዱም ጥናት ተባባሪ ነበሩ፤ በራሳቸው ሥዕል ላይ ጥያቄ ማንሳታቸውን እናደንቃለን።

በእኛ አስተያየት ለረጅም ጊዜ መንገድንና አድራሻን ስናምታታ ኖረናል። መንገዱ ሲበላሽ ዕቃው ይዘገይ ይሆናል፤ የተጻፈበት አድራሻ ግን አይሰረዝም። በተጨማሪም ማይክሮቱቡልን የሚያፈርሰው ኦሪዛሊን ፀረ አረም መድኃኒት ነው፤ በእርሱ ውስጥ ብዙ የቆየ ሕዋስ አቅጣጫውን ቢስት፣ መሪ በማጣቱ ነው ወይስ በመታመሙ?

እርግጥ ውጤቱ የአንድ ፕሮቲንና የአንድ የሕዋስ ረድፍ ነው፤ ለፒን 1 ያው ይሠራል ብለን አንደመድምም። ነገር ግን «ፒንን ወደ ጎኑ የሚመራው ምንድን ነው?» ለሚል የፈተና ጥያቄ «የሕዋስ አጽም» ብቻ ብሎ የመለሰ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ማግኘቱ ይቅር እንላለን።