«ባሕርዩ ነው» እስከ መቼ?



ልጅ ሰክሮ የጎረቤት መስኮት ሲሰብር፣ ጓደኛውን በጠርሙስ ሲፈነክት ሽማግሌ ይሰበሰብና «ምን ይደረግ፣ ባሕርዩ ነው፤ ከልጅነቱም ግልፍተኛ ነበር» ይባላል። ካሳ ይከፈላል፣ እርቅ ይወርዳል፣ አለቀ! እኔም እዚያ ተቀምጬ ራሴን ነቅንቄአለሁ፤ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ለመሆኑ ባሕርይ ብቻውን ጠርሙስ ያነሳል ወይ? እርግጥ ነው፣ ችኩልና ግልፍተኛ ወጣት ከረጋው ይልቅ አብዝቶ እንደሚጠጣ፣ ጠጥቶም ጠብ እንደሚቀናው የሥነ ልቦና ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ራስን የሚገታው የአንጎል ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ በስሎ አያልቅም፤ አልኮል የሚያላላውም ያንኑ ልጓም ነው። ግን ግልፍተኛ ሆኖ ሰው ነክቶ የማያውቅ ልጅ በሰፈራችን ሞልቷል። አይጠጣማ! እንግዲያው ጠባዩን እያወቅን ለምን እንቀዳለታለን?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 50ም ጥፋት ሊያደርስ እንደሚችል እያወቀ የሰከረን ሰው ስካሩ ከተጠያቂነት እንዲያድነው አይፈቅድም። ታዲያ ከገርጂ እስከ ሃያ ሁለት ባለው ግሮሰሪ መታወቂያ የሚጠይቅ ስንቱ ነው?

ባለግሮሰሪዎች፣ እናንተም የእድራችን አባላት ናችሁ። «ከ21 ዓመት በታች አንሸጥም» ብላችሁ በራችሁ ላይ ጻፉ፤ ጽፋችሁም ተግብሩት። እኛ ሽማግሌዎች ደግሞ ስለ ካሳው ከማውራታችን በፊት «ማነው የሸጠለት?» ብለን እንጠይቅ።