የእሑድ ሽርሽር ለባለ ገንዘብ ብቻ ነውን?

ከጥቂት ወራት በፊት አጎቴ ከገጠር ሊጠይቁን መጡ። ዕድሜአቸው ከሰባ ያለፈ ገበሬ ናቸው። ሰላምታው ካለቀና ቡናው ከተጠጣ በኋላ «ልጄ፣ ድንቅነሽ የምትባለዋን በራዲዮ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ነገ እሑድ ነውና ወስደህ አሳየኝ» አሉኝ። «እሺ አጎቴ» ብዬ ዝም አልሁ። ምሥጢሩን ያወጣችው ግን የስምንት ዓመት ልጄ ናት። «አባዬም እኮ አይቷት አያውቅም!» አለች።

እውነቷን ነው። ይህ ጸሐፊ ተማሪ ሳለም ሆነ ሥራ ከያዘ ወዲህ በአምስት ኪሎው የብሔራዊ ሙዚየም በር ስንት ጊዜ እንዳለፈ ቈጥሮ አይዘልቀውም። አንድ ቀን እንኳ ግን ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ምክንያቱን ቢጠየቅ «ጊዜ የለኝም፤ ገንዘብም የለኝም» ባለ ነበር። ዳሩ ግን በየቅዳሜው ማታ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋራ ለሚያመሸው ጊዜም ገንዘብም አጥቶ አያውቅም። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

በእኛ በወጣት ሠራተኞች ዘንድ «ሽርሽር» የሚለው ቃል ሲነሣ ወዲያው የሚታሰበን የኪራይ መኪና፣ የሐይቅ ዳር ሆቴልና የዓሣ ጥብስ ነው። ደመወዛችንም ለዚህ ስለማይበቃ ነገሩን ለሚመጣው ዓመት እናሳድረዋለን። የሚመጣውም ዓመት እንዳለፈው ይሆናል። ትልቁን ሽርሽር ስንጠብቅ ትንሹ ያመልጠናል። በዚህ መካከል አባት ብቻውን ይወጣል፤ እናት ከምድጃው አትለይም፤ ልጆችም ቀኑን በስልክና በቴሌቪዥን ፊት ይገፉታል። ደመወዝ አንድ ቀን ይጨመር ይሆናል፤ ልጅ ግን ደመወዝ እስኪጨመር ድረስ ልጅ ሆኖ አይቆይም።

እስቲ ወጪውን በወረቀት ላይ እናስቀምጠው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤተ ሰብ በከተማ አውቶቡስ ሲሄድና ሲመለስ የሚከፍለው የአሥር ጉዞ ሒሳብ ነው። የሙዚየም መግቢያ ለአገር ተወላጅ የሚከፈለው ከውጭ አገር ጐብኚ ያነሰ ነው። ምግቡን በተመለከተ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ ቆሎና በፔርሙዝ የተሞላ ሻይ ከቤት ቢያዝ ማንም በርኃብ አይወድቅም። ይህን ሁሉ ደምሩና ከአንድ ቅዳሜ ማታ ሒሳብ ጋራ አስተያዩት። እኔ ደምሬ አይቼዋለሁ፤ ውጤቱንም ለባለቤቴ ለመንገር አፍሬአለሁ።

የዚያን እሑድ አካሄዳችን እንዲህ ነበረ። ከአራት ኪሎ ጀመርን። በአደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የሚያዝያ 27 መታሰቢያ ነው። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማይቱ የተመለሱትም ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ቀን ነው። ይህን ለልጆቼ የነገሩአቸው በመጽሐፍ የተማርሁት እኔ ሳልሆን ከአባታቸው የሰሙት አጎቴ ናቸው።

ከዚያ ሽቅብ በእግራችን ወጣን። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ለአዋቂ ሰው የግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በመካከሉ በብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችውን የድንቅነሽን አምሳያ አየን። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ቁመቷ ግን ከ1 ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስለ ሆነ ልጄ በአጠገቧ ቆማ ራሷን ለካችና «እኔ እበልጣታለሁ!» ብላ ጮኸች። አጎቴ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ያለቁትን ሰማዕታት የሚያስታውሰውን ሐውልት ተመለከትን። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ደግሞ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ፊት ለፊት ኢጣልያኖች የሠሩት ደረጃ አለ። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን አንዳንድ ዓመት እንዲያመለክት ተብሎ የተሠራ ነው። ዛሬ በጫፉ ላይ የተቀመጠው የኢትዮጵያ አንበሳ ነው። ልጆች እርከኑን እየቈጠሩ ወጥተው አንበሳውን ሲያገኙት አስተማሪ ሳያስፈልጋቸው ታሪኩን ይረዱታል።

ሌላውን እሑድ ለእንጦጦ መስጠት ይቻላል። እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ በላይ ጕልበት ላለው በእግር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተራራው ላይ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል እያሳዩ፣ ቤተ መንግሥቱ ከብርዱና ከማገዶው ችግር ሸሽቶ ወደ ፍልውኃው አካባቢ እንዴት እንደ ወረደ ለልጅ መንገር ከየትኛውም ሲኒማ ይሻላል። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው መናፈሻ ውስጥ ብዙ የሚያስከፍሉ ጨዋታዎች አሉ፤ ነገር ግን የባሕር ዛፉን አየር መሳብና ሣር ላይ ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት የልጅን ቀን ለመሙላት ይበቃል።

«እሑድ እኮ የዕድር፣ የለቅሶና የሠርግ ቀን ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህ ባሕላችን ነውና ይከበር። እኔ የምጠይቀው በየሳምንቱ ሳይሆን በወር አንድ እሑድ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። ለሽርሽር ተብሎ እናት ከሌሊቱ ተነሥታ ምግብ ስትሠራ፣ ዘንቢል ስትሸከም፣ ማታም ተመልሳ ዕቃ ስታጥብ የምትውል ከሆነ፣ የተሸራሸርነው እኛ ነን እንጂ እርሷ የሥራ ቦታ ለወጠች ማለት ነው። ስለዚህ ድንቹን አባት ይቀቅል፤ ዘንቢሉን ወንዶች ልጆች ይያዙ። በዚህ የሚቀንስ ክብር የለም።

ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም ገንዘብ ባይኖራችሁ እውቀት አላችሁ። በትምህርት ቤት ያነበባችሁትን ይዛችሁ ለታናናሾቻችሁና ለወላጆቻችሁ አስጐብኚ ሁኑ። ሊያስተምሩአችሁ ብለው ከራሳቸው ላይ ለቀነሱ እናትና አባት ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አይገኝም።

የከተማው አስተዳደርም ድርሻ አለው። በዚህ ዘመን ያማሩ መናፈሻዎች ተሠርተዋል፤ ይህም ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን የመግቢያ ዋጋ ሲወሰን በአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን በቤተ ሰብ ቢታሰብ መልካም ነው። ለነጠላ ሰው ቀላል የሆነው ዋጋ በአምስት ሲባዛ ደጁን ይዘጋልና። ደግሞም በየሰፈሩ ነጻ መቀመጫ፣ ጥላ፣ የሚጠጣ ውኃና ንጹሕ መጸዳጃ ቢዘጋጅ ከታላላቅ ሕንፃዎች የማያንስ ልማት ነው።

የዚያን እሑድ ማታ ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ በአውቶቡሱ ውስጥ ልጄን ታቅፈው ተቀምጠው ነበር። እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ይህን ለማየት አንድ ቀን ሙሉ መኪና ተሳፍሬ መጣሁ፤ አንተ ግን መንገድ መሻገር አቅቶህ ኖረሃል» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጄ ግን አልተኛችም ነበርና ዐይኗን ሳትገልጥ «የሚመጣው ቅዳሜ ማታ ትወጣለህ አባዬ?» ስትል ጠየቀችኝ።

በዚያ ቅዳሜ ማታ አልወጣሁም። ድንች ስልጥ አመሸሁ።