የውጫሌን አንቀጽ 17 አንብባችሁ ታውቃላችሁ?

የዛሬው ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የሚናደድም ካለ ጨርሶ ይናደድ።

ባለፈው ሳምንት ሬገን ኤርፖርት ወረፋ ላይ ቆመን ሁለት ወንድሞቻችን ሊደባደቡ ደረሱ። አንዱ «ምኒልክ ባይኖሩ ዛሬ የምታወራው ጣሊያንኛ ነበር» አለ። ሌላው «አያቶቼን ያስጨረሰ ንጉሥ ለእኔ ምኔም አይደለም» አለ። ነገሩ የተነሳው አገር ቤት ሃይስኩል የሚማር ልጅ የታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ምን ይግባለት፣ ምን ይውጣለት በሚለው ነው። ገላገልናቸው። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። በረዶ ሲጥል አንዱ የሌላውን መኪና ሲገፋ በዓይኔ አይቻለሁ።

ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ስገባ ልጄ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ ጠበቀችኝ። 11ኛ ክፍል ናት። ለታሪክ ክፍሏ የውጫሌን ውል መርጣለች። «አባዬ፣ ስለ ውጫሌ ታውቃለህ?» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «አንቀጽ 17!» አልኩ። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ጽሑፉን አንብበኸው ታውቃለህ ወይ?»

ዝም አልኩ። ቁጥሩን ከሃያ ዓመት በላይ ተሸክሜ ዞሬያለሁ። ጽሑፉን ግን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።

አስቡት እስቲ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመ አንድ ውል፣ በሁለት ቋንቋ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለመላላክ ከፈለጉ በጣሊያን መንግሥት አማካይነት ማድረግ ይችላሉ። በጣሊያንኛው ግን በዚያ መንገድ ለመላላክ ተስማምተዋል፣ ማለትም ግዴታ ገብተዋል። ጣሊያን ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አወጀች። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዓድዋ። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ማን ጻፈው? ለማን? ልዩነቱ የተርጓሚ ስህተት ነው ወይስ ተንኮል? በምን ታውቃለህ?» ብሎ ከመጠየቅ የተሻለ የታሪክ ትምህርት ከየት ይመጣል?

እኛ ግን ምን ተማርን? «በየትኛው አንቀጽ? ሀ) 15 ለ) 16 ሐ) 17 መ) መልሱ አልተሰጠም»። አጠቆርን፣ አለፍን።

ለዚህ ነው እንደዚያ ቀን ዓይነት ጠብ ውስጥ ወገን መምረጥ ያቃተኝ። አንደኛው ወገን ልጁ ክብርን በቃሉ እንዲይዝ ይፈልጋል፤ ሌላኛው በደልን በቃሉ እንዲይዝ ይፈልጋል። ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ፈተና ነው። የተጣሉት መልሱ «ሀ» ነው «ለ» በሚለው ብቻ ነው።

እኔ ታክሲ ከመያዜ በፊት ሲቪል ኢንጂነር ነበርኩ። ሳይት ላይ ኮንትራክተሩ ጨዋ ሰው ስለሆነ፣ ወይም ያገሬ ልጅ ስለሆነ ኮንክሪቱ አይታለፍም። ናሙና ይወሰዳል፣ በ28ኛው ቀን ማሽን ላይ ገብቶ ይሰበራል፣ የተሸከመው ጭነት ይመዘገባል። ኮንክሪቱን መጠርጠር ሕንፃውን መጥላት አይደለም፤ ሰው እንዲኖርበት መፈለግ ነው። ታሪክ ላይ ስንደርስ ግን ናሙና የወሰደ ሁሉ ጠላት ይባላል።

የአኖሌን ነገር ውሰዱ። በ2006 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ ሐውልቱ ቆመ። ከዚያ ወዲህ አንዱ «እውነት ነው» ሌላው «ፈጠራ ነው» እያለ ይኸው እስከ ዛሬ ይጯጯሃል። ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ ግን በቃል የተላለፈው ይህ ነው፣ በጽሑፍ ያለው ይህ ነው፣ የተሰበሰበው በዚህ ጊዜ በእነ እገሌ ነው ብሎ ያቀረበለት ማነው? የዓድዋውን ድልና በ1870ዎቹ በአርሲ ላይ የተካሄደውን ዘመቻ አንድ ላይ የሚይዝ ጭንቅላት የ16 ዓመት ልጅ አለው። የሌለን እኛ አዋቂዎቹ ነን።

አስተማሪውን አትውቀሱ። እኔ ራሴ ናቹራል ሳይንስ ስገባ ታሪክ የሚባለው ትምህርት አሥረኛ ክፍል ላይ ተሰናበተኝ። እስከ ስምንተኛ ከሌላው ጋር ተደባልቆ፣ ዘጠኝና አሥር ላይ ለብቻው፣ አለቀ። ሁለት ዓመት! በኋላ ደግሞ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ሶሻል ሳይንስ ይሁን አለ። መሐንዲስ በዛ፣ ታሪክ የተረፈው ሰው የሚማረው ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ኮርስ ሲዘጋጅ የተነሳውን ጩኸት ታስታውሳላችሁ። ሁሉም «የእኔ ገባ? የእሱ ወጣ?» ነበር የሚለው። እንዴት ይማሩት ያለ ድምፅ ግን ተውጦ ቀረ።

«አሜሪካ ገብተህ አሜሪካን ልታመልክ ነው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ግዛቱ ራሱ ኮሚሽን አቋቁሞ የታሪክ መጽሐፍ አስጽፏል፤ ባሪያው በጌታው ደስ ብሎት ይኖር ነበር የሚል መጽሐፍ! የባሪያ የልጅ ልጆች ያንን ይዘው ክፍል ተቀምጠዋል። አሌክሳንድሪያ፣ ፕሪንስና ዋሽንግተን መንገድ መገናኛ ላይ ለባርነት ግዛቶች ሲዋጉ ለሞቱ ወታደሮች የቆመው ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1889 እስከ 2020 ነበረ፤ ተሳፋሪ ይዤ ስንት ጊዜ ዞሬዋለሁ። የልጆቻችን ትልቁ ሃይስኩል የነጭና የጥቁር ልጆች አንድ ላይ መማራቸውን ሲቃወም በነበረ ሰው ስም ይጠራ ነበር፤ ስሙ የተቀየረው በ2021 ነው። በ2022 ደግሞ አዲሱ ገዢ ያንግኪን ሥልጣን በያዙበት ቀን የመጀመሪያ ትእዛዛቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ስላሉ «ከፋፋይ ሐሳቦች» ነበር። እዚህም ጠቡ አላለቀም።

ግን አንድ ነገር አለ። ኤፒ የታሪክ ፈተና ላይ ልጅቷ ሰባት ሰነድ ይሰጣታል፤ የሚስማሙም፣ የሚጣሉም። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንብባ የራሷን ክርክር በማስረጃ ትጽፋለች። ገዢው ምንም ቢል፣ ሰባቱን ሰነድ ማንበብ የለመደች ልጅ በቀላሉ አትታለልም።

«አገር እየነደደ ሰነድ ማመሳከር ቅንጦት ነው፣ መጀመሪያ አገሩን ይውደድ» የሚል አለ። ወንድሜ፣ እሳቱን የሚያቀጣጥለው እኮ ምንጩን ጠይቆ የማያውቅ ወጣት ነው። ቲክቶክ ላይቭ ላይ አንዱ የ130 ዓመት ቂም ሲያነብለት «ይሄን ከየት አመጣኸው?» ብሎ መጠየቅ ማንም አላስተማረውም። «መጽሐፍ የለም፣ ክፍሉ ጢም ብሏል» ለሚለው ደግሞ፣ እውነት ነው። የውጫሌ አንቀጽ 17 በሁለቱም ቋንቋ ግን አንድ ገጽ አይሞላም። ፎቶኮፒ ነው።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ታሪክ ጸሐፊ ሳያዳላ መፍረድ አለበት ብሎ ከጻፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኛ አሁንም ዳኛውን ትተን ጠበቃ እየቀጠርን ነው።

አዲስ አበባ ያለውን ሚኒስቴር ከዚህ ሆኜ ላዝዝ አልችልም። እዚህ የምንችለው ግን አለ። በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ቅዳሜና እሑድ ለልጆቻችን ፊደል እናስቆጥራለን፣ እስክስታ እናሳያለን፤ ደግ። ሃይስኩል ለደረሱት ደግሞ በወር አንድ ቀን ሁለት የማይስማሙ ሰነዶች እናስቀምጥላቸውና ይከራከሩ። ሕጉ አንድ ነው፤ ወላጅ አፉን ይዘጋል። የኤርፖርቱ ሁለት ወንድሞቻችን ልጆችም ጎን ለጎን ይቀመጡ።

ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ 16 ዓመት ለሞላው ሁሉ በነፃ የአንባቢ ካርድ ይሰጣል፤ የአፍሪካ ክፍልም አለው። በሩ ላይ ስንቱን ሰው አውርጃለሁ መሰላችሁ፤ ሒሳቤን ተቀብዬ ዞር ከማለት በቀር ገብቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሽፍቴን ትቼ ከልጄ ጋር ገባሁ። ሁለታችንም ካርድ አወጣን። የእኔ ፎቶ የእስረኛ ይመስላል ብላ እስካሁን ትስቃለች።

ኮሜንት ላይ ልትሰድቡኝ ትችላላችሁ፤ ለምጄዋለሁ። ግን አንድ ውለታ ዋሉልኝ፤ ከስድቡ በፊት ምንጫችሁን ጻፉ።

ቸር ይግጠመን።