ኮስታራው አሰልጣኝና ያልተቆጠሩት

ክረምት በመጣ ቁጥር ከአሜሪካ ብቅ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እንደ ልማዳችን አንድ ካፌ ጥግ ይዘን፣ ማኪያቷችንን እያማሰልን አገር ስናማ እንውላለን። ባለፈው ክረምት ግን አገር ተርፎ አሰልጣኝ ሲታማ ዋለ፤ በትክክል ለመናገር፣ ሲወደስ ዋለ።

ነገሩን የጀመረው ከዴንቨር የመጣው ወዳጄ ነው። ልጁ እዚያው ኮሎራዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ትሮጣለች፤ ጎበዝ ናት አለን። አባት በሩጫዋ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ዩኒቨርሲቲ እንድትገባለት ይመኛል። ያው የሐበሻ አባት ነው፤ ልጁ ብትሮጥም ለዲግሪ ነው የምትሮጠው።

«እኔ ለልጄ የምፈልገው ቆፍጠን ያለ አሰልጣኝ ነው። እንደ ማርክ ዌትሞር ያለ!» አለ። «አሁን ግን የት ይገኛል? አሰናበቱት። የዘንድሮ ልጅ ቅምጥል ነው፤ ትንሽ ጠበቅ ሲያደርጉት ዩኒቨርሲቲውን ይከስሳል።»

ቀጥሎም በኩራት፣ ልጁ ማንም ሳያዛት እንጀራ መተዋን ነገረን። እናቷ ታለቅሳለች አሉ። «ዲሲፕሊን ማለት ይኸ ነው!» አለና ጠረጴዛውን መታ።

ጠረጴዛውም በአንድ ድምፅ ደገፈው። አንዱ «የማይቀጡት ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ሲል ተረተ። ሌላው የዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን ስም አነሣ፤ «ስማቸው ራሱ ኮስተር ያለ አልነበር?» እያለ። እኔ ብቻ አልስማማም ብዬ አኮረፍኩና አኩርፌ ወጣሁ። እዚያ ያልጨረስኩትን ክርክር እዚህ ልጨርሰው።

ሰውየውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስተዋውቅ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ማርክ ዌትሞር በቦልደር ከተማ፣ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዋና የሩጫ አሰልጣኝ ነበር። በእሱ ዘመን ዩኒቨርሲቲው በአሜሪካ ኮሌጆች የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና 8 ጊዜ በቡድን አሸንፏል፤ 5ቱ በወንዶች፣ 3ቱ በሴቶች። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ በሴቶች 1,500 ሜትርና በ3,000 ሜትር መሰናክል ለአሜሪካ ነሐስ ያመጡት ጄኒ ሲምፕሰንና ኤማ ኮበርን የእሱና የምክትሉ የሄዘር በሮውስ አትሌቶች ነበሩ። ክሪስ ሊር የተባለ ጸሐፊ የ1998ቱን የውድድር ዘመን ከወንዶቹ ቡድን ጋር አሳልፎ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። መጽሐፉ በአሜሪካ ወጣት ሯጮች ዘንድ እንደ ዳዊት ነው የሚደገመው። በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ስለመሮጥ፣ ማግኖሊያ በሚባለው የተራራ መንገድ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ሳንባ እስኪቃጠል ስለመውጣት፣ በዘመኑ አጋማሽ በብስክሌት አደጋ ስለሞተው የቡድኑ ልጅ ሐዘን ይተርካል።

ከዚያስ? በ2022 አንድ የቀድሞ አትሌት አቤቱታ አቀረበና ዩኒቨርሲቲው ምርመራ አስጀመረ። ውጤቱ በ2023 ወጣ። ነገሩ ያጠነጠነው በአንዲት ትንሽ መሣሪያ ላይ ነው፤ የወገብንና የጭንን ቆዳ ቆንጥጣ ይዛ የሰውነትን ስብ በምትለካ መቆንጠጫ። ምርመራው ይኸ ልኬትና በዙሪያው የተፈጠረው ድባብ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ አትሌቶችን እንደጎዳ ደመደመ። በ2024 ዩኒቨርሲቲው ከሁለቱ አሰልጣኞች ጋር ተለያየ። ይኸውላችሁ፣ «ትንሽ ጠበቅ ሲያደርጉት» የተባለው ነገር ይኸ ነው።

የወዳጆቼ ክርክር ሲጨመቅ ሁለት ቃል ነው፦ ሜዳሊያው ይመሰክራል። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ሜዳሊያ የሚመሰክረው ለአንገቱ ባለቤት ብቻ ነው። እሷ ሜዳሊያውን ስታጠልቅ አብረዋት ቡድኑን የተቀላቀሉት ልጆች የት እንደደረሱ ሜዳሊያው አያውቅም። በአጥንት ስብራት ያቋረጠችው፣ ምግብ ባየች ቁጥር የምትንቀጠቀጠው፣ ሌሊት ተነሥታ ዳቦ በልታ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ የምትሰድደው በሽልማት መድረክ ላይ የለችም። የደረሱትን ብቻ ቆጥሮ መንገዱን ማመስገን፣ ጎርፍ ተሻግሮ የወጣውን አይቶ ወንዙ ጥልቅ አይደለም እንደማለት ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ነው። ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ተራኪው የሚከተለው ማንን ነው?» ብዬ ነበር። ያ የተወደደ መጽሐፍም ቢሆን የሚከተለው አንድ ዘመንን፣ የወንዶቹን ቡድን ነው። ሴቶቹ ሌላ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ከቡድኑ የወጣ ሰው ደግሞ ከታሪኩም ይወጣል። ይህ የጸሐፊው ጥፋት አይደለም፤ መጽሐፍ ሁሉ እንዲያ ነው። ጥፋቱ የአንባቢው ነው፤ የአንድ ዘመን ትረካን እንደ ሥልጠና መመሪያ፣ አሰልጣኙንም እንደ ገድል ጻድቅ አድርጎ ያነበበው አንባቢ።

«ሳይንስ ነው፤ ቁጥር አይዋሽም» የሚሉም አሉ። የኦሪጎን ዩኒቨርሲቲን ጉዳይ እናንሣ። በ2021 «ዘ ኦሪጎኒያን» የተባለው ጋዜጣ የ6 ሴት አትሌቶችን አቤቱታ ይዞ ወጣ። እዚያ ደግሞ ስብ የሚለካው በመቆንጠጫ ሳይሆን ዴክሳ በሚባል የኤክስሬይ መሣሪያ ነበር። ዋናው አሰልጣኝ ሩጫ ቁጥር ነው፣ እኛም የምንከተለው ቁጥርን ነው ብሎ ተከላከለ። በ2022 ውሉ ሳይታደስ ቀረ።

እስቲ ስለ ቁጥሩ እንነጋገር። ዴክሳ በመጀመሪያ የተሠራው የአጥንትን ጥንካሬ ለመለካት ነው። አንዲት ሯጭ ከምታቃጥለው ያነሰ ስትመገብ ሰውነቷ መቆጠብ ይጀምራል። መጀመሪያ ከሚያጠፋቸው መብራቶች አንዱ የወር አበባ ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አጥንት የሚገነባው በዚሁ ሆርሞን ድጋፍ ስለሆነ አጥንቱ ይሳሳል፤ ከዚያ በረጅም ሩጫ ይሰነጠቃል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ችግር ስም አውጥቶ አስጠንቅቋል። እንግዲህ አስቡት፤ አጥንት ይጠበቅበት ዘንድ የተሠራው መሣሪያ ልጆቹን ስለ ስባቸው ማሳቀቂያ ሲሆን፣ የሚሰበረው ያው አጥንት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ይኸ ነው። ክብደት የቀነሰች ልጅ ለጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ በእርግጥ ትፈጥናለች። አሰልጣኙ ይደሰታል፤ አባት ይኩራራል፤ ሰዓቱ «ልክ ነህ» ይለዋል። ጉዳቱ ሲመጣ ግን «ዕድለ ቢስ ሆነች፣ ተጎዳች» ይባልና ሌላ ልጅ ትተካለች። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሰዓት ነው።

አሁን የሚጠብቀኝን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ታዲያ አንተ ምን ትላለህ? አሰልጣኝ እሹሩሩ ይበል?» አልልም። በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር መሮጥ ከባድ ነው፤ ከባድ ነገር ደግሞ ያለ ጥብቅ ሰው አይሠራም። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥ የሚል፣ ያረፈደን ትቶ የሚሄድ፣ «ይኸ ሥራ አይባልም፣ ድገመው» የሚል አሰልጣኝ ይባረክ። እኔ የምለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክብደቱ ያረፈው በሥራው ላይ ነው ወይስ በሰውየው ላይ? «የዛሬው ሩጫህ ደካማ ነው» እና «ሰውነትሽ አስቀያሚ ነው» የአንድ ጥብቅነት ሁለት ደረጃዎች አይደሉም፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ነገ ሮጦ ማስተካከል ይቻላል። ሁለተኛውን ይዞ መኝታ ቤት ይገባል፤ መስታወት ፊት ይቆማል።

ደግሞ አሰልጣኝ እንደ ጎረቤት ሽማግሌ አይደለም። ቡድን ውስጥ ማን ይገባል፣ ማን ይወዳደራል፣ ነፃ የትምህርት ዕድሉን ማን ያገኛል የሚባለው ሁሉ በእጁ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለ ሰው «ልኬቱ በፈቃደኝነት ነው» ቢል፣ የ19 ዓመት ልጅ «አልፈቅድም» የምትልበት አፍ ከወዴት ታመጣለች?

ዶክተር ወልደመስቀልንም እንተዋቸው። በ2016 አርፈዋል፤ ሙት መከራከሪያ ሲሆን አልወድም። ግን ስማቸው ስለተነሣ አንድ ነገር ልበል። ጥብቅ ነበሩ፤ አይካድም። ከደራርቱ እስከ ኃይሌ፣ ከቀነኒሳ እስከ ጥሩነሽ የመጣው ወርቅ በቁጣ ብቻ መጣ ማለት ግን እርሳቸውን መስደብ ነው። ሰውየው ሃንጋሪ የተማሩ፣ ልምምድን የሚያቅዱ፣ ሯጮቹን በቡድን ማስሮጥ የሚያውቁ ባለሙያ ነበሩ። እኛ ግን ከባለሙያ ሁሉ የምንወርሰው ግንባሩን ነው። ዕውቀቱ ይከብደናል፤ ቁጣው ግን ምንም ትምህርት አይጠይቅም። ስንት የሠፈር አሰልጣኝ፣ ስንት የትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ ስንት አለቃ አለ፣ ከታላቅ ሰው የተማረው መቆጣትን ብቻ የሆነ!

ይህን የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። አባቴ የኔታ ዘንድ ሲያስገባኝ «ዐይኑን ብቻ ይጠንቀቁልኝ፤ ሌላውን እንዳሻዎ» ብሎ ነው የሰጠኝ። በቁንጥጫ ፊደል ለየሁ፤ እኔም በተራዬ መምህር ስሆን ቆንጣጭ ሆንኩ፤ ብቻ በእጅ ሳይሆን በምላስ። አንድ ቀን፣ ስድሳ ተማሪ በሞላበት ክፍል፣ ከገጠር የመጣች የአንደኛ ዓመት ተማሪ የጻፈችውን ድርሰት ተቀብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ እያቆምኩ፣ በአነጋገሯ እያላገጥኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የትምህርት ክፍል ቀየረች። እኔ አላስተዋልኩም።

ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድ ባንክ መስኮት ላይ «መምህር፣ አስታወሱኝ?» አለችኝ አንዲት ሴት። አላስታወስኳትም። ያን ቀን ያልኳትን ግን ቃል በቃል ነገረችኝ፤ ሳትቆጣ፣ ገንዘቤን እየቆጠረች። «ከዚያ ወዲህ ጽፌ አላውቅም» አለችኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሃያ ዓመት ሳስተምር ኖሬ፣ የገባኝ ያን ቀን ነው።

እስከዚያ ድረስ የማውቀው ሌላ ታሪክ ነበር። ደራሲ፣ ጋዜጠኛ የሆኑ ተማሪዎቼ በመጽሐፍ ምረቃ ላይ እያቀፉኝ «መምህር፣ የእርስዎ ቁጣ ነው ለዚህ ያበቃን» ይሉኛል። አይዋሹም። የዌትሞርም ልጆች «ለዚህ ያበቃን እሱ ነው» ሲሉ አይዋሹም። እኔም አልጠራጠራቸውም። ግን እነሱ የበቁት በቁጣዬ ነው ወይስ ቁጣዬን ችለው? ይህን እነሱም አያውቁም፤ እኔም አላውቅም። የባንኳ ሴትዮ ግን የምታውቀው ነገር አለ፤ እሷም መጽሐፍ ምረቃ ላይ አልተጠራችም።

ለወዳጄ በስልክ የነገርኩት ይህን ነው። ልጅህን ይዘህ ዩኒቨርሲቲ ለማየት ስትሄድ ዋንጫውን አትቁጠር፤ ዋንጫ ሁሌም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተሰልፎ ይጠብቅሃል። አሰልጣኙን «ከአራት ዓመት በፊት ስንት ሴት ልጆች ተቀበልክ? ዛሬ የሚሮጡት ስንቱ ናቸው? የቀሩትስ የት ናቸው?» በለው። የሚያፍር ወይም የሚቆጣ ከሆነ ልጅህን ይዘህ ውጣ። ስማቸውን እየጠራ ከነገረህ ግን፣ እንደ ፈለገ ይኮሳተር፤ ስጠው።

ወዳጄ ዝም አለ። ከዚያ «አሰልጣኝ ሳይሆን ሐኪም ላሳያት ነው የምትለኝ?» አለ። እኔ ስለ ሐኪም አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር።

«አዎ» አልኩት። «መጀመሪያ ግን እናቷ ለምን እንደምታለቅስ ጠይቃት።»