«ፈተና ላይ ይመጣል?»

የፈተና ዓመት የደረሰበት ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ሕግ ይታወጃል፦ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር አይነበብም፣ አይጠየቅም፣ አይወራም። ኩዌት ያለን ኢትዮጵያውያን ይህን ሕግ በስልክ እናስከብራለን። ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ሳልሚያ ወይም ፈርዋንያ ቁጭ ብላ ኢሞ የከፈተች እህት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለደረሰ ታናሽ ወንድሟ ከሰላምታ ቀጥላ የምትለው ይታወቃል፦ «እያጠናህ ነው? ሌላ ሌላውን ተው፤ መጀመሪያ ፈተናህን እለፍ።» ልጁም «እሺ እታለም» ብሎ ዝም ይላል። ምክሩ የመጣው ከፍቅር ነው። ቢሆንም የተሳሳተ ምክር ነው፤ ልጁንም ውጤቱንም ይጎዳል።

የእህቲቱን ስጋት አላቃልልም። ኩዌት የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተውን ሕግ ቁጥር 68 ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ በዓመቱ ዝቅተኛው ደመወዝ 60 ዲናር እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ ሻል ያለ የሚከፈላት ብትሆን እንኳ የምትልከው ገንዘብ ከእንቅልፏና ከጉልበቷ የተቀነሰ ነው። ሕጉ የሳምንት ዕረፍት ይሰጣታል፤ ብዙዎች ግን ያቺን ቀን አያዩአትም። በዚህ ገንዘብ አጋዥ መጽሐፍ የተገዛለትና የማጠናከሪያ ትምህርት የተከፈለለት ልጅ ስለ ከዋክብት ወይም ስለ ድሮ መርከብ ሲጠይቅ፣ «ለዚህ ነው እንዴ እኔ እዚህ የምደክመው?» ብትል አይፈረድባትም። የምፈርደው በሐሳቡ ላይ ነው።

ሐሳቡ የእኛ ብቻም አይደለም። ሐወሊ ውስጥ በፈተና ሰሞን የግል አስጠኚዎች ገበያ ይደራል። አባሲያና ሳልሚያ ያሉት የሕንድ ቤተሰቦች ደግሞ «ኒት» የሚሉት የሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተና አላቸው፤ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ብቻ፣ ከ720 የሚታረም። ፈተናው ከሕንድ ውጪ መሰጠት ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ኩዌት ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ቋንቋው ይለያይ እንጂ በየቤቱ ያለው ትእዛዝ አንድ ነው።

አንዲት የማውቃት የወሎ ልጅ የማዳሟን ልጆች ይዛ ሳልሚያ ባሕሩ ዳር ወዳለው የሳይንስ ማዕከል ትሄዳለች። እዚያ «ፈትሕ አል ኸይር» የሚባል ትልቅ የእንጨት መርከብ ቆሟል። ፎቶ አንስታ ሐይቅ ከተማ ላለው ወንድሟ ላከችለት። ልጁ ወዲያው ጥያቄ አዥጎደጎደ፦ ይህን የሚያህል ነገር እንዴት አይሰምጥም? ሞተር ከሌለው በምን ይሄዳል? ነፋስ ወደዚያ ከወሰደው ደግሞ በምን ይመለሳል? እሷም ቶሎ መለሰችለት፦ «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል? ዝም ብለህ አጥና።» ወሬው እዚያ ላይ ተቋረጠ።

የተቋረጠው ምን ነበር? መርከቡ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ ቡርጋን ላይ ነዳጅ የተገኘበት ዓመት። የነዳጅ ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት የኩዌት ሰዎች በእንዲህ ያለ መርከብ የባስራን ተምር ጭነው ወደ ሕንድና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይወርዱ ነበር። ሲመለሱ ለቤት ጣሪያ የሚሆን የማንግሮቭ እንጨት ያመጣሉ፤ አገራቸው በረሃ ነዋ፣ ለማገር የሚሆን ዛፍ የለም። በእኛ በጋ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ወደ ላሙና ወደ ዛንዚባር ያወርዳቸዋል፤ ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ምዕራብ መንፈስ ሲጀምር ይመልሳቸዋል። ይህ የነፋስ መገለባበጥ የእኛን የክረምት ዝናብ ከሚያመጣው የአየር ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። የሐይቁ ልጅ «በምን ይመለሳል?» ሲል የጠየቀው፣ ሳያውቀው፣ በአባቱ ማሳ ላይ ስለሚዘንበው ዝናብ ነው። ለምን አይሰምጥም የሚለው ደግሞ የአርኪሜደስ መርህ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ የፈሳሾች ምዕራፍ። ስለዚህ አዎ፣ ፈተና ላይ ይመጣል።

የነፋሱ ነገር ላይመጣ ይችላል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ጂኦግራፊ አይፈተንም። አይፈተን! የገበሬ ልጅ የዝናቡን መነሻ ለማወቅ የትምህርት ሚኒስቴር ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ያ ትምህርት ምን ያደርግለታል?

ጉጉት ጥናትን ይሻማል የሚለው እምነትም ቢሆን እንደሚታሰበው ጽኑ መሠረት የለውም። ማቲያስ ግሩበርና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 «ኒውሮን» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጥቷል። ተሳታፊዎቹን ልዩ ልዩ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ ጠየቋቸው፤ መልሱን እስኪያዩ በሚጠብቁባት ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከጥያቄው ጋር ምንም የማይገናኝ የሰው ፊት አሳዩአቸው። መልሱን ለማወቅ በጣም በጓጉበት ጊዜ፣ መልሱን ብቻ ሳይሆን ያንን ፊትም የበለጠ አስታወሱት፤ በማግስቱ ሲጠየቁም እንዲሁ። በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ የላቦራቶሪ ሙከራ ነው፤ ሁሉን ነገር አያስረዳም። ነገር ግን አእምሮ ሲጓጓ በአጠገቡ ያለፈውን ሌላ ነገር ጭምር እንደሚይዝ ያሳያል። እኛ ደግሞ ልጁ ብዙ እንዲይዝ በምንፈልግበት በዚያው ዓመት የሚይዝበትን ስሜት እናጠፋበታለን።

የአገራችንን ፈተና ራሱን እንየው። ከሒሳቡና ከፊዚክሱ ጎን አፕቲቲዩድ የሚባል ፈተና አለ፤ የራሱ የመማሪያ መጽሐፍ የለውም። የእንግሊዝኛው ምንባብም ተማሪው አይቶት የማያውቀውን ጉዳይ ሊያነሳ ይችላል። እነዚህን በሽምደዳ የሚወጣቸው የለም፤ ብዙ ያነበበና ብዙ የጠየቀ ልጅ ግን አይደነግጥም። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ ከ896 ሺህ በላይ ከሆኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱ አለ፣ ለዓመታት የተለመደው ኩረጃ አለ፣ የመምህሩና የመጽሐፉ እጥረት አለ። ከትምህርቱ ውጪ ብዙ አንብበው፣ ብዙ ጠይቀው ስለተዘናጉ ነው የወደቁት የሚል ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

«ስልኩ ላይ ተጥዶ ያመሻልኮ!» የሚል ወላጅ እውነት አለው። ግን ሁለቱን አናምታታ። ስልኩን በጣቱ ሽቅብ እየገፋ ሁለት ሰዓት የቆየ ልጅ ምን እንዳየ ብትጠይቁት መናገር አይችልም። ስለ መርከቡ ያነበበው ልጅ ግን ቁጭ አድርጎ ይተርክላችኋል፤ ቀጥሎ ምን ማወቅ እንደሚፈልግም ይነግራችኋል። የመጀመሪያው መቆጣጠር ይፈልጋል። ሁለተኛውን የሚቆጣጠር ሰው ልጁን ከመጽሐፍ ያጣላዋል፤ ከስልኩ ግን አይለየውም። ሰዓት ያንሳል የሚለውም ስጋት በከንቱ የመጣ አይደለም፤ በሰሞነ ፈተና ሁለት ሳምንት ሁሉንም ነገር ማቆም ያስፈልግ ይሆናል። እኛ ግን የምንዘጋው ዓመቱን ሙሉ ነው፤ በአንዳንድ ቤት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ።

የምንኖርባት ከተማ ራሷ ሌላ ትምህርት ነበራት። ኩዌት ነጻነቷን ሳታገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ «አል ዐረቢ» የተባለውን መጽሔት ስትጀምር አዘጋጅ ያደረገችው አሕመድ ዘኪ የተባለ ግብጻዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። መጽሔቱ ሳይንሱንም፣ ታሪኩንም፣ ግጥሙንም፣ የሩቅ አገር ከተሞችንም በአንድ ጥራዝ ይዞ በመላው የዐረብ አገር ተነበበ። እኛስ ቤት ቢሆን? መማር ማለት ሽምደዳ ነው የሚሉ ሰዎች የቅኔ ቤትን ረስተውታል። ዳዊቱ በቃል ይያዛል፤ ቅኔ ላይ ሲደረስ ግን ተማሪው በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል። ለዚያም ከመጻሕፍቱ፣ ከታሪኩ፣ ከአራዊቱ፣ ከዕፅዋቱ፣ ካየው ሁሉ ይቀዳል።

እህቴ፣ ገንዘቡን ላኪ፣ ውጤቱንም ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ልጁ የሚጠይቅሽን ነገር ካላወቅሽው ግን «እኔም አላውቅም፤ ፈልገህ ንገረኝ» በዪው። ወላጆች፣ ልጁ ከአጋዥ መጽሐፉ ሥር የደበቀውን ሌላ መጽሐፍ ስታገኙ አትውሰዱበት፤ ምን እንደሚል ጠይቁት። አስጠኚዎችም ከክፍለ ጊዜያችሁ ሩብ ሰዓቱን ለልጁ የራሱ ጥያቄ ስጡ። የሚከፈላችሁ ገንዘብ ከኩዌት ኩሽና የሚላክ ነውና፣ ከወርክሺት የበለጠ ነገር ዕዳ አለባችሁ።