አንድ ዓሣ ወይስ ዐሥራ አምስት?

እኛ የፊዚክስ ሰዎች አንድ የቆየ ትዕቢት አለብን። ሥነ ምኅዳርና ዝግመተ ለውጥን የሚያጠኑ ባልደረቦቻችንን ስናይ፣ ሥራቸው ቆጥሮ ስም ከማውጣት የማያልፍ፣ ቀመር የሌለው ይመስለናል። ተማሪዎቻችንም ይህን ከእኛው ይወርሳሉ። የጣና ሐይቅ ዓሦች ታሪክ ይህን አመለካከታችንን እንድንመረምር አስገድዶናል።

በጣና ዓሣ አጥማጆች በጥቅሉ «ነጭ ዓሣ» የሚሏቸው፣ በሳይንስ ላቢዮባርበስ የሚባሉ ትላልቅ ዓሦች አሉ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተወሰኑትን ገልጾ ስም አወጣላቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቡላንዤ ዝርዝሩን አበዛው። በ1973 ደግሞ ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ዝርያ ናቸው አለ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ እንደገና ለክተው ዐሥራ አምስት አደረሷቸው።

አንባቢ «ይህ የስም ጨዋታ አይደለምን?» ሊል ይችላል። እኛም ብለን ነበር። ነገር ግን የሁለቱ ሰዎች አካሄድ ከመካኒክስ ቤተ ሙከራ የወጣ ይመስላል። የአፍን ስፋት፣ የመንጋጋን ርዝመት፣ በስንጥብ ላይ ያሉትን ማጣሪያዎች፣ የአንጀትን ርዝመት ለኩ፤ ከዚያም እንዲህ ያለ አካል የትኛውን ምግብ ሊይዝና ሊፈጭ እንደሚችል አስቀድመው ተነበዩ። በመጨረሻም የዓሦቹን ሆድ ከፍተው ትንቢቱን ፈተኑት። በአብዛኛው ተስማማ። መተንበይና መፈተን የእኛ ብቻ ርስት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አናውቅም።

ይበልጥ የሚያስደንቀው የተገኘው ውጤት ነው። የዚህ ወገን ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ጨጓራም የላቸውም። ስለሆነም ሌላ ዓሣ አሳድዶ ለመዋጥ የተመቹ አይደሉም፤ በዓለም ዙሪያም ከዚህ ወገን ዓሣ በሊታው ጥቂት ነው። በጣና ግን ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በሊታዎች ናቸው! 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ የሚመጡትን ጥርሳም አዳኞች ስለ ከለከለ፣ ክፍት የቀረውን ቦታ እነዚሁ ጥርስ የለሾች ያዙት። በ2007 የታተመ የደለል ጥናት ሐይቁ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበር ያሳያል። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ከሆነ፣ በዝግመተ ለውጥ ዘመን አቆጣጠር ይህ የትናንት ጉዳይ ነው። የዘረ መል ጥናቶችም በአንዳንዶቹ መካከል ያገኙት ልዩነት እጅግ አነስተኛ ነውና፣ የባኒስተር ጥርጣሬ ከንቱ አልነበረም።

እንግዲህ ቁጥሩ ለምን ያሳስበናል? በ1986 ሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ። ከዓሦቹ ቢያንስ ሰባቱ በክረምት እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ፤ መረቡም የሚጠብቃቸው በወንዙ አፍ፣ በአንድነት ሲሰበሰቡ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በዐሥር ዓመቱ ማብቂያ የተደረጉት ልኬቶች ሲነጻጸሩ፣ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዓሦች ክብደት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ይህን ማወቅ የተቻለው አንድ ሰው በመጀመሪያው ጊዜ ለክቶ ስላስቀመጠ ነው። ከዚያ ወዲህ በ2011 እምቦጭ ታየ፤ በርብ ላይም ግድብ ተሠራ።

በገበያ ሚዛን ላይ ነጭ ዓሣ ሁሉ ነጭ ዓሣ ነው። ኪሎው እስካልቀነሰ ድረስ ከዐሥራ አምስቱ አንዱ ቢጠፋ መዝገቡ አይናገርም። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ልኬት የሚደረገው ለመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ክረምት ይለካል፣ ተማሪው ይመረቃል፣ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ የሚቀጥለው ተማሪ ሌላ ርዕስ ይመርጣል፤ «የተሠራ ነው» ይባላላ። አንድ የከዋክብት ተመራማሪ ያለፈው ዓመት ምልከታ ስላለ ዘንድሮ አልመለከትም ቢል እንስቅበታለን።

የፊዚክስ ተማሪዎቻችንም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደሉም። የጉማራን የፍሰት ፍጥነት፣ ድፍርስነቱንና ሙቀቱን በየሳምንቱ ለመለካት የሁለተኛ ዓመት ዕውቀትና ርካሽ መሣሪያ ይበቃል። መረጃው የሚጠቅመው ግን በሚቀጥለው ክረምት፣ ከዚያም በሚከተለው ያው ደብተር ከተከፈተ ነው። እስካሁን ያጣነው ደብተሩን የሚረከብ ሰው ነው።