ከምረቃ በኋላ ያለው በር

ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ስለሚደረገው ግፊያ ቅሬታ በተነሣ ቁጥር የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፤ «ጐበዝ ትገባለህ» ይሉናል። መልካም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያለፈውም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ትምህርት ካሳለፈ በኋላ እንደገና በውጤቱ ይደለደላል፤ ሕግ የሚመርጠው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ነው። ሲጨርስም የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል።

በዚህ ቅር አንሰኝም፤ መፈተን የተማሪ ዕጣው ነው። የሚያሳስበን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

የሕግ ትምህርት ቤቱ በ1956 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ሲከፈት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጡት የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች የሚሠራባቸው የተማረ ሰው ይሹ ነበር። ዛሬ የሕግ ትምህርት ቤት በየክልሉ አለ፤ ተመራቂው በዝቷል።

ጠበቃ ለመሆን ከዲግሪው ሌላ የሥራ ልምድና የፈቃድ ፈተና ያስፈልጋል። ተገቢ ነው፤ የሰው ነፃነትና ንብረት መለማመጃ አይደለምና። ነገር ግን ልምዱ ከወዴት ይገኛል? መሥሪያ ቤቱ «የሠራ ሰው እንፈልጋለን» ብሎ ያስታውቃል። የጠበቃው ቢሮ ደግሞ «ማን ላከህ?» ይላል። አጎቱ ጠበቃ የሆነለት ጓደኛችን ገና ሳይመረቅ ጠረጴዛ ይሰጠዋል፤ በውጤት የሚበልጠው የገበሬ ልጅ ማመልከቻውን ይዞ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይከርማል። መግቢያው በውጤት፣ መውጫውም በውጤት ሆኖ ሳለ የሥራው በር በዝምድና የሚከፈተው ስለምንድን ነው?

የ2013 ዓ.ም. የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ የጠበቆች ማኅበርም አቋቁሟል። ጥያቄያችን ለእነዚሁ ነው። ተለማማጅ የሚቀበል ድርጅት ቦታውን በግልጽ ያስታውቅ፤ በፈተና ይምረጥ፤ ለምግብና ለመሳፈሪያ የሚበቃም ይክፈል። ያለ ክፍያ ዓመት ሙሉ መዝገብ ተሸክሞ ፍርድ ቤት መመላለስ የሚችለው አባቱ የሚቀልበው ብቻ ነው። (እነርሱም ቢሆኑ ተለማመዱ አይባልም፤ ብዙው ጊዜ ፎቶ ኮፒ በማንሣት ያልቃል።)

ይህን ጥያቄ ለማኅበሩ በጽሑፍ ልናቀርብ ነው። ፊርማችሁን የምትሰጡ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከምሳ በኋላ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ታገኙናላችሁ።